በቅንፍ ውስጥ የከረመችው የእሳት እራት

ስቶክሊ፣ ሄሪፎርድሺር
ኦገስት 25 ቀን 1996

ይድረስ በኒውዚላንድ ለሚኖሩት ለአጎቴ ለኦብሪ ፕሪስ፦

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ዓይንዎስ እንደ ድሮው ያያል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። በጸሎት ቤታችን እሑድ እሑድ ስምዎን እንጠራለን። ይቅር ይበሉንና፣ እስካለፈው ማክሰኞ ድረስ የምንጠራው ከሙታን ጋር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁን ላይ አንድ ሰው «ኦብሪ ፕሪስ እዚያ ማዶ አረፈ» ብሎ አወራ። ከማን እንደሰማው ዛሬ ስጠይቀው እሱም አያውቀውም። እኛ ግን አልቅሰናል፣ መዝሙርም ዘምረንልዎታል። ማክሰኞ ዕለት የልጅዎ የዲሊስ ካርድ መጣ። «አባዬ ደህና ነው፤ ሰማንያ ሞላው፤ ከጎረቤት ጋር በዶሮ ተጣልቶ አይነጋገሩም» ይላል። ወጥ ቤቴ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። የሞተ ሰው በዶሮ አይጣላም። እሰይ፣ እንኳን አልሞቱ!

ካልረሱኝ ሙሪየል ነኝ፤ የሬጅ ልጅ። አባቴና እርስዎ የወንድማማች ልጆች ናችሁ። እርስዎ ሲሄዱ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ አሁን ሃምሳ አራት ሆኜ፣ ከማስተማር ጡረታ ወጥቼ ተቀምጫለሁ። ሰው ጡረታ ሲወጣ ጽጌረዳ ይተክላል፤ እኔን ግን የእርስዎ በሽታ ያዘኝ። ቅጠል ለቃሚ ሆኛለሁ! በቅጠሉ በሁለቱ ቆዳ መካከል ትሏ እየበላች የምትቆፍረውን ቦይ እያየሁ፣ የየትኛዋ የእሳት እራት ልጅ እንደሆነች ለማወቅ ስደክም እውላለሁ። የአውራጃው የእሳት እራት መዝገብ ዛሬ ያለው በአቶ ቤዶስ እጅ ነው፤ ድሮ አውቶቡስ ነጂ የነበሩ፣ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። የአውራጃውን የእሳት እራቶች በሙሉ የያዘ መጽሐፍ እያዘጋጁ ነው፤ ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ማተሚያ ቤት ይገባል። እኔ ካርዶቹን እለይላቸዋለሁ።

ሁለት የኦክ ዛፍ ቅጠሎች ሥዬ ልኬልዎታለሁ። ቤዶስ አንድ ስም ይላሉ፣ እኔ ሌላ። ይፍረዱን። ስለ ሌላው ነገር ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አክባሪዎ ሙሪየል


ኢንቨርካርጊል
ሴፕቴምበር 9 ቀን 1996

ለሙሪየል ልጄ፦

ፈጣሪ ዓይንሽን ይጠብቅልሽ፤ ለዚህ ሥራ ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልግም።

አልሞትኩም። ለጸለያችሁልኝ ሁሉ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። ጸሎቱ አይባክንም፤ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ አስቀምጡልኝ። ለመሆኑ በለቅሶዬ ላይ ምን ተበላ? ዶሮዋን በተመለከተ ጥፋቱ የጎረቤቴ ነው።

አሁን ወደ ሥዕልሽ። ቅጠል ነው ወይስ የጫማ ሶል? ልጄ፣ የቅጠሉን ቅርጽ ምን ያደርግልኛል! ቅጠሉን ወደ መስኮት አንሺና በብርሃኑ ተመልከቺ። እንቁላሉ የተጣለው ከላይ ነው ከታች? ትሏ ቢጫ ናት አረንጓዴ? ከሁሉ በላይ ደግሞ ኩሷን እዪ። በቦዩ መሐል ለመሐል እንደ ቀጭን ክር ሄዷል ወይስ ቦዩን ሞልቶታል? ኩስ ያላየ ሰው የእሳት እራት አወቅሁ አይበል። ቤዶስሽም አንቺም ኩሱን አላያችሁም፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ተሳስታችኋል።

ስሙን ግን እኔ አልነግርሽም። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ለአንዲት የእሳት እራት እንኳ ስም ሰጥቼ አላውቅም። መስኮቴ ላይ ይመጣሉ፤ «እንደምን አመሻችሁ» እልና መጋረጃውን እዘጋለሁ። ስሜንም በማንም መጽሐፍ ላይ እንዳታስገቡብኝ።

የሚቻልሽ ከሆነ የአገር ቤቱን ጋዜጣ ላኪልኝ፤ የበግ ገበያውንና የሟቾችን ገጽ። ዳግመኛ ሞቼ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ደግሞስ፣ በታችኛው መስክ ያለው የአባትሽ የቁጥቋጦ አጥር እንዴት ሆነ? ዛሬም ግንዱን ገመስ እያደረጉ ያስተኙታል?

ኦብሪ


ስቶክሊ
ሴፕቴምበር 22 ቀን 1996

ይድረስ ለአጎቴ ለኦብሪ፦

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ለመንደሩ ሁሉ አነበብኩት። ዕድሜዎን እንደ ማቱሳላ ያርዝመው፤ ሳቁን ብቻ ለዓመት ይበቃናል። በለቅሶዎ ላይ የተበላው የአሳማ ሥጋና ሦስት ዓይነት ኬክ ነው፤ አንዱ ኬክ ሳይነፋ ቀርቶ ነበር። ጋዜጣውን ልኬያለሁ። እርስዎ የሉበትም።

ኩሱን አየሁ! ቤዶስም አዩ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። ሰውዬው ለሦስት ቀን አኩርፈው፣ በአራተኛው ቀን «እኚህ አጎትሽ ሌላ ምን አሉ?» ብለው መጡ።

አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከኔ ይስሙት። ካርዶቹን ስለይ በእጅ ጽሑፍዎ የተጻፈ አንድ ካርድ አገኘሁ። «ዘግይታ መጤ። በአስፐን ቅጠል። ስቶክሊ፣ ታችኛው መስክ። ኖቬምበር 4 ቀን 1962። ኦ. ፕሪስ» ይላል። በላዩ ላይ ሌላ ሰው በቀይ ቀለም «በስቶክሊ አስፐን የሚባል ዛፍ የለም» ብሎበታል።

ልማዱን እርስዎ ያውቁታል። እንዲህ ያለው በመጽሐፉ ውስጥ በቅንፍ ይገባል፤ ቅንፍ ማለት «ተብሏል፣ እኛ ግን አላመንም» ማለት ነው። ከሺህ በላይ የእሳት እራቶች ባሉበት መጽሐፍ ውስጥ በቅንፍ የምትገባው ያቺ አንዷ ብቻ ናት፤ አጠገቧ ያለውም የእርስዎ ስም ነው። «አጎቴ ኦብሪ ውሸታም አይደሉም» ብዬ ቤዶስን ተቆጣኋቸው። «ሙሪየል፣ እኔም ውሸታም አይመስሉኝም። ግን ዛፉ የታለ?» አሉኝ። ካርዶቼን መለየቴን ቀጠልኩ።

ዘግይታ መጤዋ እንዴት ነው የምትፈለገው? መቼ? እባክዎ ይንገሩኝ።

አክባሪዎ ሙሪየል


ኢንቨርካርጊል
ኦክቶበር 14 ቀን 1996

ለሙሪየል፦

ሰላም ላንቺ፣ ለቤትሽም። ዘገየሁ። ምክንያት የለኝም።

ቅንፉን ተዪው። እኔ ያንን መዝገብ አሥራ አንድ ዓመት ይዤዋለሁ። በቤዶስ ቦታ ብሆን እኔም ኦብሪ ፕሪስን ቅንፍ ውስጥ እከተው ነበር። ዛፍ ከሌለ ቅጠል የለም፣ ቅጠል ከሌለ ትል የለም። ሰውዬው ሥራውን በደንብ ነው የሠራው፤ አትጨቅጭቂው። ቅንፍ መጥፎ ቤት አይደለም፤ ከሁለት ወገን ግድግዳ አለው።

ስለ አጥሩ ጠይቄሽ ነበር። አልመለስሽልኝም።

ለኔ ብለሽ ሳይሆን እንድትማሪ ያህል ልንገርሽ። ዘግይታ መጤ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሌላው ሁሉ በልቶ ከጨረሰ በኋላ ስለምትመጣ ነው። በላቲን ሌላ ስም አላት፤ እሱን ቤዶስ ያውቀዋል። ትሏ ከቅጠሉ ጋር አብራ ትወድቃለች። ቅጠሉ መሬት ላይ ቢጫ ሆኖ፣ ሞቶ ተኝቷል፤ እሷ ያለችበት ቦታ ብቻ፣ ከእንጨቱ የተያያዘበት ጥግ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። እንዴት እንደምታደርገው እንጃላት፤ ቅጠሉ እንዳይሞትባት ታቆየዋለች፤ ያቺን አረንጓዴ ጥፍር የምታህል መሬት እየበላች ትጨርሳለች። ስለዚህ ሰው ሁሉ አንጋጦ ሲፈልጋት አያገኛትም። መንበርከክ ነው።

ጋዜጣው ደረሰ። የበግ ዋጋ መውደቁ አሳዘነኝ።

ኦብሪ

ውድ ሙሪየል፣ ፖስታውን የማሽገው እኔ ነኝና ይህቺን ጨመርኩ። አባዬ ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፎ አራት ጊዜ ቀዶታል። «ተዪው» ይላል እንጂ፣ ቁርስ ላይ የሚያወራው ስለ ቅንፉ ነው፤ ምሳም ላይ። ልብ ብለሽ አንብቢው። ዲሊስ


ስቶክሊ
ኦክቶበር 27 ቀን 1996

ይድረስ ለአጎቴ ለኦብሪ፦

እሰይ! እልል! ሰላምታዬን በኋላ እጽፋለሁ፤ መጀመሪያ ይህን ይስሙ።

አገኘኋት! ትናንት ጠዋት ታችኛው መስክ ሄጄ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያንን አጥር ግንዱን ገመስ ገመስ አድርጎ ጎንበስ የሚያስተኛው ሰው ስለጠፋ፣ አጥሩ ጫካ ሆኗል። በመሐሉ አስፐን ቆሟል፤ አሥራ አንድ ግንድ ቆጠርሁ! ነፋስ ሳይኖር ቅጠሉ ይርገበገባል። በስቶክሊ አስፐን የለም ተብሎ አንዴ ስለተጻፈ፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሊያይ የመጣ ሰው የለም። እኔም በዚያ በኩል አላልፍም ነበር።

ሁለት ሰዓት ሙሉ እርጥብ ቅጠል ስገለብጥ ቆየሁ። ጉልበቴን እርሱት። ከዚያ አንድ ቢጫ ቅጠል አነሳሁ፤ ጥጉ ላይ እርስዎ እንዳሉት አረንጓዴ። ወደ ሰማይ ባነሳው ትሏ ውስጡ ተኝታለች። አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቅዎታለሁ።

ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። ለቤዶስም አላሳየኋቸው። ከእርስዎ በፊት ማንም አያያትም ብዬ በወረቀት ጠቅልዬ እዚሁ ፖስታ ውስጥ ከትቼልዎታለሁ። እንኳን ደስ አለዎት!

ፈጣሪ ጤናዎን ይስጥዎ፤ የተረሳው ሰላምታ ይኸው።

የእርስዎ ሙሪየል


ኢንቨርካርጊል
ኖቬምበር 6 ቀን 1996

ሙሪየል!

ሰላም ነሽ? እኔ ሰላም አይደለሁም።

ፖስታሽ ተከፍቶ ደረሰኝ። ውስጡ ደብዳቤሽና አንዲት የታተመች ወረቀት አለች። «ከውጭ አገር የመጣ የዕፅዋት ክፍል በመሆኑ ተወስዶ ተቃጥሏል» ትላለች። አንቺ ሴት፣ ወደ ኒውዚላንድ ቅጠል በፖስታ ይላካል? ትል ያለበት ቅጠል! እነዚህ ሰዎች እኮ ከሚሞት ሰው እጅ ፖም ይቀማሉ። መብታቸው ነው፤ አገራቸውን ነው የሚጠብቁት። አስተማሪ ነበርኩ ስትዪኝ ምን ነበር የምታስተምሪው?

ያቺ ምስኪን ሠላሳ አራት ዓመት ጠብቃ፣ ግማሽ ዓለም ዞራ፣ መጥታ እዚህ ምድጃ ገባች። የእሳት እራት የሚለው ስም እንደዚህ ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

ዲሊስ «አባዬ፣ ከመጣን ወዲህ እንደዚህ ስትስቅ አላየሁህም» ትላለች። እየሳቅሁ አይደለም። ትንሽ እየሳቅሁ ነው።

አሁን ስሚኝ። ቶሎ ሌላ ፈልጊ። ዝናቡ ሳያበሰብሰው፣ ውርጩ ሳይመጣ። ስታገኚ ለኔ አትላኪ! ለቤዶስ አሳዪ። ጭቃ ያልነካው እርጥብ ሣር ከታች አንጥፈሽ በድስት አስቀምጪያት።

ከዚያ አንድ ጥያቄ መልሺልኝ። መንደሩ ውስጥ አስፐን የለም ተብሎ የለም ወይ? ታዲያ አንቺ በቀጥታ ሄደሽ የት እንደምትንበረከኪ ማን ነገረሽ?

ኦብሪ


ስቶክሊ
ኖቬምበር 16 ቀን 1996

ይድረስ ለአጎቴ ለኦብሪ ፕሪስ፦

ጤናና ሰላም ይስጥዎ። ይህን አንብበው ሲጨርሱ ሰላምታዬን ላይመልሱልኝ ይችላሉ፤ አልቀየምም።

ሦስት ቀን ፈለግሁ። ቅጠሉ ጠቁሯል፣ ዝናቡ አላቆመም፣ በጎቹ ረግጠውታል። ምንም የለም። የነበረችውን አንዷን እኔው በገዛ እጄ አስቃጠልኳት።

ጥያቄዎን ልመልስ። የት እንደምንበረከክ ማንም አልነገረኝም። ዛፉን አውቀዋለሁ። ትልቅ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ጥላው ሥር ተጫውቻለሁ።

ያንን የ1963 ክረምት ያስታውሱታል። በረዶው በሩን ዘግቶ፣ መንገዱ ጠፍቶ፣ ከሰል የሚያመጣ መኪና ሳይደርስ ስድስት ሳምንት ቆየ። ወንድሜ ሴሲል ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ደረቱ ታሞ ሌሊቱን ሙሉ ያስላል። አባቴ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። እኛ ጭሰኞች ነበርን፤ አጥሩ የኛ ነው፣ በአጥሩ ውስጥ የቆመው ትልቅ ዛፍ ግን የባለመሬቱ። ዛፍ የቆረጠ ጭሰኛ ከመሬቱ ይነሳል። አባቴ አስፐኑን ቆረጠው፣ አነደደው፤ በረዶው ሲቀልጥ አጥሩን በጉቶው ላይ አስተኝቶ ሸፈነው። ዛሬ የቆሙት ግንዶች ከሥሩ ያቆጠቆጡ ናቸው።

በጸደይ እርስዎ ሦስት ሰዎች ይዘው የዘግይታ መጤን ዛፍ ሊያሳዩ መጡ። አንደኛው የባለመሬቱ ወኪል ነበር። ዛፉ ከቦታው የለም። ወኪሉ ወደኔ ዞሮ «አንቺ ልጅ፣ እዚህ አስፐን ነበር?» አለኝ። አባቴ ከኋላዬ ባልዲ ይዞ ቆሟል። «አስፐን? እዚህ ኖሮ አያውቅም» አልሁ።

አጎቴ፣ እኔ ነኝ። በካርዱ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ የኔ ቃል ነው። እርስዎ አዩኝ፣ ባርኔጣዎን አጠለቁና ሄዱ። በዓመቱ አገር ለቀቁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የኔ ዝምታ ግን ሠላሳ ሦስት ዓመት ሲነቅዝ ኖረ። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ፣ ምናልባት የገዛ ዓይንዎን ተጠራጥረው፣ ዛፉን በሕልሜ ነው ያየሁት ብለው ይሆን የሚለው ነው።

ዛሬ መሬቱን ሴሲል ገዝቶታል፤ ማንም አያስነሳንም። ትናንት ለቤዶስ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉቶውን አሳየኋቸው፤ የመጥረቢያው ምልክት ዛሬም ይታያል። ምልክቱን በጣታቸው ዳሰሱና፣ «ዛፉ እንደነበረ አምኛለሁ። ዛፍ ግን የእሳት እራት አይደለም። ቅጠል አምጪልኝ» አሉ። እውነታቸውን ነው። ዲሴምበር 15 መጽሐፉ ይሄዳል።

ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም። ግን ይቅር ይበሉኝ።

ሙሪየል


ኢንቨርካርጊል
ኖቬምበር 23 ቀን 1996

ሙሪየል ልጄ፣ ዓይኔ፦

ሰላምታሽን እጥፍ አድርጌ መልሼልሻለሁ። ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰ፤ የከሰዓቱ ፖስታ ሳያመልጠኝ እየጻፍኩ ነው። ተቀመጪ። ተነፈስሽ? እንግዲህ ስሚ።

አውቅ ነበር።

በዚያ በረዶ መሐል ለሴሲል የሳል መድኃኒት ይዤ እስከ ወገቤ እየሰመጥኩ እናንተ ቤት መጣሁ። አባትሽ እሳቱ አጠገብ አስቀመጠኝ፤ አንቺ ራስሽ ዳቦ ጠብሰሽ የአሳማ ጮማ ቀብተሽ ሰጠሽኝ። እሳቱ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጨሳል። አስፐን የረባ ማገዶ አይደለም። ሬጅ ዓይኔን ሳያይ «አኻያ ነው» አለኝ። «ደህና አኻያ ነው» አልኩት። የዛፎችን ስም የማውቅ ሰው አይደለሁም ወይ? ልጁ ግን በዚያ ጭስ አጠገብ አልሳለም፤ ተኝቷል። አይቼዋለሁ።

ታዲያ ለምን ሰዎቹን ይዤ መጣሁ ትዪ ይሆናል። ቀጠሮው ከበረዶው በፊት የተያዘ ነው፤ ብሰርዘው ደግሞ ወኪሉ ይጠረጥራል። እኔ ጉቶውን አሳይቼ ስሜን ላድን እችል ነበር። የሬጅ ልጆችስ የት ይወድቃሉ? በቅንፍ ውስጥ ያለች የእሳት እራት አትራብም። ወኪሉ አንቺን ጠይቆ «የለም» ስትዪው እፎይ አልኩ። ባርኔጣዬን ያጠለቅሁት ፊቴን እንዳያዩብኝ ነው።

አላመመኝም ብል እኔን ራሴን ቅንፍ ውስጥ አስገቢኝ። አሞኛል። ሰዎች ሲያዩኝ ወሬ ያቆሙ ነበር፤ እሱ ነው ያስለቀቀኝ። አንቺን ግን አንድም ቀን አልተቀየምኩም። ያሳዘነኝ ሌላ ነው፤ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ያቺን ውሸት ብቻዋን ተሸክማ ትኖር ይሆን እያልኩ ነበር። ለዚህ ነው ስለ አጥሩ የጠየቅሁሽ። በይ አሁን አውርጂው።

አሁን ወደ ሥራ! ሞኝ ነኝ፣ ይህን ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። በመዝገብ የሚጻፈው ትሏ የበላችው ዛፍ ነው እንጂ ቅጠሉ የተነሳበት ቦታ አይደለም፤ ልማዳችን ነው። በ1962 ቅጠሏን ያገኘሁት ከዛፉ ሥር አይደለም። ከዛፉ ሥር በጎች ይረግጡታል፣ ውሃ ይተኛበታል። የምዕራቡ ነፋስ ቅጠሉን እየነዳ ከድንጋዩ የበጎች ጉረኖ ግድግዳ ሥር ያከማቸዋል፤ ወጣ ብሎ እንደ ከንፈር ከሚከልለው የግድግዳው ጫፍ በታች ደረቅ ነው። እዚያ ሂጂ። ቤዶስን ይዘሽ ሂጂ፤ ብቻሽን ያየሽው አይቆጠርም።

ቶሎ በይ።

ኦብሪ


ስቶክሊ
ዲሴምበር 2 ቀን 1996

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለአባቴ፣ ለኦብሪ፦

ምን ብዬ ሰላም ልበልዎ? የደረሰኝን ደብዳቤ ቆሜ ማንበብ ጀምሬ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጨረስኩት። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ራበኝ። ሁለት እንቁላል ጠብሼ በላሁ። ለስንት ዓመት ምግብ እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም። ፈጣሪ እንደኔ ቀሎት የሚተኛ ሰው ያድርግዎ።

ቅዳሜ ከቤዶስ ጋር ጉረኖው ሄድን። ሰውዬው ትንሽ በርጩማ፣ ሻይ የተሞላ ፔርሙስና ብዙ ማማረር ይዘው መጡ። «ሙሪየል፣ ይህ ጉልበት አርባ ዓመት ፍሬን የረገጠ ጉልበት ነው» ይላሉ። «ቤዶስ፣ ይንበርከኩ» እላለሁ። ከግድግዳው ከንፈር በታች ቅጠሉ እንደ ገለባ ተከምሯል፤ ደረቅ፣ ቢጫ። አንድ በአንድ እያነሳን ወደ ሰማይ እናያለን። አንድ ሰዓት ሄደ።

ድንገት ማማረራቸው ቆመ። ዞር ስል አንድ ቅጠል ወደ ላይ ይዘው ደርቀው ቀርተዋል። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ሙሪየል» አሉኝ በሹክሹክታ፣ እንዳትሸሽባቸው ይመስል፤ «እየተንቀሳቀሰች ነው።»

አምስት አገኘን፤ አምስቱም አረንጓዴ ጥግ ያላቸው። ቤዶስ ቤታቸው ወስደው በማጉያ አዩ፣ ኩሱን አዩ፣ መጻሕፍታቸውን ሁሉ ገለጡ። ከዚያ የተተየበውን ገጽ አወጡና በነጭ ማጥፊያ ቀለም መጀመሪያ የግራውን ቅንፍ፣ ቀጥሎ የቀኙን ደፈኑ። እንዲደርቅላቸው እንደ ትኩስ ሾርባ እፍ እፍ ይላሉ። ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ካርድ አልጣሉትም፤ መዝገብ አይጣልም፤ ከሥሩ «ዛፉ ነበረ። ስህተቱ የኛ ነው» ብለው ፈረሙበት።

ስሜ በመጽሐፍ አይግባ ብለው ነበር። ስንት ነገር ታዘዝኩዎ፤ ይህን ግን አልታዘዝም።

ለሴሲልም ነገርኩት። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ግዙፍ ሰውዬ ጉቶውን ቆሞ ሲያየው ቆየና፣ «ይህን አጥር ከእንግዲህ ማንም አያስተኛውም» ብሎ ሄደ።

ትሎቹ እኔ ዘንድ በድስት ናቸው። በሜይ ይወጣሉ ይላሉ ቤዶስ። አልልክልዎትም፤ አይፍሩ።

የእርስዎው ሙሪየል


ኢንቨርካርጊል
ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለሙሪየል ልጄ፦

ተባረኪ፤ ዘርሽም፣ ጉልበትሽም፣ የቤዶስም ጉልበት ይባረክ።

መጽሐፉ ደረሰ። ወረቀት ስለሆነ አላቃጠሉትም። ዲሊስ ገጹን ገልጣ አምጥታ ጭኔ ላይ አኖረችው። «ዘግይታ መጤ። በአስፐን ቅጠል። ስቶክሊ፣ 1962፣ ኦ. ፕሪስ። ያው ቦታ፣ 1996፣ ሙ. ፕሪስና ቤዶስ።» ከፊቱ ምንም የለም፣ ከኋላውም ምንም የለም። ጣቴን አስሄድኩበት። «አባዬ፣ ሃያ ጊዜ አነበብከው እኮ» አለችኝ። ሃያ አንድ ነው።

ጎረቤቴን አሳየሁት። ከዶሮዋ ወዲህ ስንነጋገር የመጀመሪያችን ነው። ምኑም አልገባውም፤ ግን እጄን ጨበጠኝ።

እዚህ አሁን በጋ ነው። መጽሐፉን ካስቀመጥኩ በኋላ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከኩሽናው በር አጠገብ አንድ ቁጥቋጦ አለ፤ ሠላሳ ዓመት አጠገቡ አልፌያለሁ፤ የሱንም ስም አላውቀውም። አንድ ቅጠል ቀጠፍኩና ወደ ፀሐይ አነሳሁት። ቦይ አለበት። ሰማንያ ዓመቴ ነው፤ ኩሱ ግን ጥርት ብሎ ታየኝ፤ መሐል ለመሐል፣ እንደ ክር። ዲሊስን ጠርቼ ወንበርና እርሳስ አስመጣሁ።

የማን ልጅ እንደሆነች አላወቅሁም። እንደ ጀማሪ ሆኛለሁ፤ ደስ ይላል። ከዚህ ጋር ሥዬ ልኬልሻለሁ። ከቤዶስ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱና ካወቃችኋት ጻፉልኝ፤ ሥዕሉ የጫማ ሶል ይመስላል እንዳትሉኝ ብቻ። ቅጠሉን ግን እኔም በፖስታ አልልክልሽም።

አጎትሽ ኦብሪ